በማቀዝቀዣ የቆየ ምስክር

እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደይ ወራት በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛትና በአካባቢዋ ከ16,000 በላይ ሰዎች ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ መታመማቸው በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ሳይመረመሩ የቀሩት ሲታሰቡ የታማሚው ቁጥር ከ150,000 እንደሚበልጥ ተገምቷል። ምንጩ በቺካጎ አቅራቢያ ከሚገኝ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ የወጣ ወተት ነበር። ወተቱ በሙቀት ፓስቸራይዝ የተደረገ በመሆኑ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ ሳልሞኔላ ያን ሙቀት አይቋቋምምና። ለመርማሪዎቹ ፍንጭ የሰጣቸው የባክቴሪያው ዘረመል ነው። ባክቴሪያው የተላመዳቸው መድኃኒቶች ስብስብ ያልተለመደ ነበር፤ በውስጡ የያዛቸው ፕላዝሚዶችም፣ ከዋናው ክሮሞዞም ውጭ የሚኖሩት ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች፣ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይታዩ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት ከታመሙ ሰዎች ተወስደው በላቦራቶሪ የተቀመጡ ባክቴሪያዎች ወጥተው ሲመረመሩ ያው ዝርያ ተገኘ። ለ10 ወራት ያህል እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ሰው ሲያሳምም ከርሟል፤ ማንም ግን አንዱን ከሌላው አላገናኘውም ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ መጥፎ ቀን ስሕተት አልነበረም። ባክቴሪያው በፋብሪካው ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ወተቱ ከሙቀቱ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ሲበክለው እንደቆየ የሚያመለክት ነበር።

የምግብ ወለድ ባክቴሪያ የዘረመል አሻራ ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያ ታሪክ ሆኖ ይቀርባል፤ በ1980ዎቹ ፕላዝሚድ መመልከት፣ በ1990ዎቹ ዲኤንኤን ቆራርጦ በኤሌክትሪክ መደርደር፣ ከ2010ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሙሉውን ጂኖም ፊደል በፊደል ማንበብ። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይጋርዳል ባይ ነኝ። ፖሊስ ከወንጀል ቦታ ያነሣው የጣት አሻራ ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን፣ የሚያመሳክርበት መዝገብ ከሌለው ባለቤት አይገኝለትም። የባክቴሪያም ነገር ይኸው ነው። ከእርሻው፣ ከቄራው፣ ከፋብሪካውና ከታማሚው የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ተለይተው፣ ቀንና ቦታቸው ተጽፎ፣ በጥልቅ ማቀዝቀዣ ሲቀመጡና በአንድ ዓይነት አሠራር ሲነጻጸሩ ነው አሻራው ትርጉም የሚያገኘው። ባለፉት አርባ ዓመታት ትልልቆቹን እንቆቅልሾች የፈታው ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ የማስቀመጥና የመመዝገብ ልማድ ነው፤ መሣሪያው የመጣው በእሱ ላይ ነው።

ከኢሊኖይ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ አንድ ምርመራ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1983 በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በሚገኙ አራት ግዛቶች 18 ሰዎች ሳልሞኔላ ኒውፖርት በተባለ፣ አምፒሲሊንን፣ ካርቤኒሲሊንንና ቴትራሳይክሊንን በተላመደ ባክቴሪያ ታመሙ። 11ዱ ሆስፒታል ተኙ፤ አንድ ሰው ሞተ። ከታማሚዎቹ 12ቱ ተቅማጡ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ለሌላ ሕመም የፔኒሲሊን ወገን የሆነ መድኃኒት ሲወስዱ ነበር። ቀላሉ ግምት ጥፋቱን በታማሚዎቹ መድኃኒት ላይ መጣል ነበር። ተመራማሪው ስኮት ሆልምበርግና ባልደረቦቻቸው ግን በ18 ወራት ጊዜ ውስጥ በስድስት ግዛቶች ከሰዎች፣ በመላው አሜሪካ ደግሞ ከእንስሳት የተገኙትን የዚህን ባክቴሪያ ናሙናዎች አሰባስበው የፕላዝሚዳቸውን መልክ አነጻጸሩ፤ ሥጋው ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳዩ የማከፋፈያ መዝገቦችንም መረመሩ። መንገዱ ያደረሳቸው በደቡብ ዳኮታ ወደ ደለቡ፣ ቶሎ እንዲወፍሩ በመኖአቸው አነስተኛ መጠን ያለው ክሎርቴትራሳይክሊን ይሰጣቸው ወደነበሩ ከብቶች ነው። ሰዎቹ ባክቴሪያውን የወሰዱት የእነዚህን ከብቶች የተፈጨ ሥጋ በልተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የዋጡት መድኃኒት በአንጀታቸው የሚኖሩትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ፣ መድኃኒቱን የተላመደው ብቻውን ሜዳ አገኘ። በ1984 የታተመው ይህ ጥናት የቆመው በሁለት እግሩ ነው፤ አንዱ ፕላዝሚድ፣ ሌላው ማንም ሰው ለዚህ ጉዳይ ብሎ ያልሰበሰበው የባክቴሪያና የንግድ መዝገብ። ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያው 18 ሰዎች አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይዟቸዋል ከማለት አያልፍም ነበር።

የወተት እርሻዎች በስማቸው ወደዚህ ታሪክ የገቡት በ1985 በካሊፎርኒያ ነው። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከሰዎች የሚገኘው ሳልሞኔላ ኒውፖርት ወደ አምስት እጥፍ ሊጠጋ ጨመረ። ከባክቴሪያዎቹ 87 በመቶው አንድ ዓይነት የመድኃኒት መላመድና መጠኑ እኩል የሆነ አንድ ፕላዝሚድ ነበራቸው። ከተላመዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ክሎራምፌኒኮል መሆኑ ወዲያው ትኩረት ሳበ፤ መድኃኒቱ በሰው ላይ አልፎ አልፎ የአጥንት መቅኔን የሚገድል ጉዳት ስለሚያደርስ በአሜሪካ ለምግብ ለሚውሉ እንስሳት አልተፈቀደምና። መርማሪዎቹ ከታማሚዎቹ ማዕድ ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። ያንኑ ዝርያ ታማሚዎቹ ከበሉት የተፈጨ ሥጋ፣ ከቄራዎቹ፣ ሥጋው በተዘጋጀባቸው ቀናት ላሞቻቸውን ለእርድ ከላኩ የወተት እርሻዎች፣ በመጨረሻም ከታመሙ የወተት ላሞች አገኙት። ወተቷ የቀነሰ ላም መጨረሻዋ ቄራ እንደሆነ፣ ሥጋዋም በአብዛኛው ተፈጭቶ እንደሚሸጥ አርቢ ሁሉ ያውቃል፤ ሐኪሞች ግን ይህን መንገድ በበሽታ ካርታቸው ላይ አላሰፈሩትም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ጥናት ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። የወተት እርሻ በሽታ ቢያስተላልፍ በወተት ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ሰብሮ፣ ያው እርሻ በሥጋ በኩልም ከከተሜው ሳሕን እንደሚደርስ በባክቴሪያው ምስክርነት አሳየ።

ማስረጃ መገኘቱ ግን እርምጃ ማምጣቱን አያረጋግጥም። ለእንስሳት ማድለቢያ የሚሰጡ አንቲባዮቲኮችን የመገደብ ሐሳብ ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የወጣው በ1977 ነበር። ለሰው ሕክምና አስፈላጊ የሆኑትን መድኃኒቶች ለማወፈሪያ መጠቀም በዚያች አገር የቆመው ግን በ2017 ነው። አርባ ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ የተቀመጠ ባክቴሪያ ሁሉን ይፈታል ብዬ አልከራከርም፤ ክርክሬ ያለ እሱ ምንም ነገር መጀመር አይቻልም ነው።

በ1984 ዴቪድ ሽዋርትዝና ቻርለስ ካንቶር ያሳወቁት ዘዴ የሙያውን መልክ ለወጠ። ባክቴሪያው አጋሮዝ በተባለ ጄል ውስጥ ተይዞ ዲኤንኤው ሳይበጣጠስ ይወጣል፤ በጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚቆርጥ ኢንዛይም ትልልቅ ቁርጥራጮች ያደርገዋል፤ አቅጣጫውን በየጊዜው የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ደግሞ ቁርጥራጮቹን በመጠናቸው ይደረድራቸዋል። የሚወጣው የመስመሮች ረድፍ የባክቴሪያው አሻራ ነው። ዘዴው በምግብ ደኅንነት ስሙን ያገኘው በ1992 መጨረሻና በ1993 መጀመሪያ ጃክ ኢን ዘ ቦክስ የተባሉ ምግብ ቤቶች በሸጡት፣ በደንብ ባልበሰለ ሃምበርገር ከ700 በላይ ሰዎች ኢ. ኮላይ ኦ157 በተባለ ባክቴሪያ ታመው አራት ሕፃናት በሞቱ ጊዜ ነው። አሻራው የታማሚዎቹና የሥጋው ባክቴሪያ አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ወረርሽኙን መጀመሪያ ያወቀችው ግን ዋሽንግተን ግዛት ነበረች፤ ይህን በሽታ ሪፖርት ማድረግ ከጥቂት ዓመታት በፊት ግዴታ አድርጋ ነበርና። በሌሎቹ ግዛቶችም ሰዎች ታመው ነበር፤ የሚጠይቅና የሚመዘግብ ስላልነበረ የዋሽንግተን ዜና እስኪሰማ ድረስ በየቤቱ ተራ ተቅማጥ ሆኖ አለፈ። በሁሉም ቦታ ሥጋው ያው፣ ባክቴሪያውም ያው ነበር፤ ልዩነቱ በመዝገብ መኖርና አለመኖር ላይ ነው።

ከዚህ ሐዘን የተወለደው፣ የባክቴሪያ አሻራዎችን የሚያነጻጽረው የላቦራቶሪዎች ኔትወርክ ፐልስኔት በ1996 ሥራ ሲጀምር ማዕከሉ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ አባሎቹም የማሳቹሴትስ፣ የሚኒሶታ፣ የቴክሳስና የዋሽንግተን ላቦራቶሪዎች ነበሩ። የኔትወርኩ መሥራቾች፣ ከእነሱም ዋነኛው ባላ ስዋሚናታን፣ አዲስ መሣሪያ አልፈለሰፉም። የሠሩት ሥራ ከፈጠራ ያነሰ ይመስላል፤ እኔ ግን ይበልጣል እላለሁ። ሁሉም ላቦራቶሪ በአንድ የአሠራር መመሪያ እንዲሠራ፣ በአንድ ሶፍትዌር ምስሉን እንዲያነብ፣ በየጄሉ ላይ ኤች9812 የሚል መለያ ያለውን ሳልሞኔላ ብሬንደርፕ እንደ መለኪያ እንዲያስኬድ፣ ባለሙያዎቹም ተፈትነው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ አደረጉ። በዚህ ምክንያት በሲያትል የተነሣ ምስል ከአትላንታው ጋር ጎን ለጎን ሊቆም ቻለ። በ2016 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት ኔትወርኩ በየዓመቱ ቢያንስ 270,000 ሕመሞችን እንደሚያስቀር ገምቷል። አብዛኞቹ የሚቀሩት አንድ ፋብሪካ ሲያዝ ሌሎቹ ፋብሪካዎች አሠራራቸውን ስለሚያስተካክሉ ነው።

የተቀመጠ ባክቴሪያ የሚሰጠው ምስክርነት በጣም ጎልቶ የወጣው በብሉ ቤል ኩባንያ አይስክሬም ጉዳይ ነው። በ2015 መጀመሪያ የደቡብ ካሮላይና የጤና ሠራተኞች ማንንም ሳይጠረጥሩ፣ በመደበኛ የናሙና ፍተሻ፣ በአይስክሬሙ ውስጥ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ አገኙ። አሻራው በፐልስኔት መዝገብ ሲፈለግ በካንሳስ አንድ ሆስፒታል ለሌላ ሕመም ተኝተው ሳሉ ሊስቴሪያ ከያዛቸው አምስት ሰዎች ጋር ተያያዘ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ሞተዋል። ፍለጋው ወደ ኋላ ሲቀጥል በአሪዞና፣ በኦክላሆማና በቴክሳስ ሌሎች አምስት ሰዎች ተገኙ፤ የመጀመሪያው የታመመው በ2010 ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በአራት ግዛቶች አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ የታመሙት እነዚህ ሰዎች ወረርሽኝ መሆናቸውን በጊዜው ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ የትኛውም ሐኪም ከአንድ ታማሚ በላይ የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው። ኩባንያው በሚያዝያ 2015 ምርቱን በሙሉ ከገበያ ሰበሰበ፤ በ2020 በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ በድምሩ ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ተመሳሳይ ነገር በአንድ የፔንሲልቬንያ የወተት እርሻ ላይ ታይቷል። በ2015 መጨረሻ ከእርሻው ያልተፈላ የቸኮሌት ወተት የተገኘው ሊስቴሪያ ጂኖሙ ሲነበብ፣ በ2014 በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ ከታመሙ ሁለት ሰዎች ባክቴሪያ ጋር የቅርብ ዝምድና ነበረው። ከሁለቱ አንዱ ሞቷል። የሰዎቹ ባክቴሪያ ምንጩ ሳይታወቅ፣ ወተቱን እየጠበቀ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በመዝገብ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ጠንካራ ተቃውሞ ማለፍ አይገባም። መሣሪያው ካልጠራ መዝገቡ ምን ይረባል ይባላል። እውነት አለው። ሳልሞኔላ ኢንተራይቲዲስን በኤሌክትሪክ መደርደሪያው ዘዴ ሲያዩት እጅግ ብዙው ናሙና አንድ ዓይነት ምስል ስለሚሰጥ፣ ዝምድና የሌላቸው ታማሚዎች ወንድማማች ይመስሉ ነበር። ፕላዝሚድም እንደሚገኝ ሁሉ ይጠፋል። ሙሉ ጂኖም ማንበብ ይህን ችግር በአብዛኛው ፈትቶታል፤ አሜሪካ በ2013 በሊስቴሪያ ጀምራ በ2019 ፐልስኔትን በሙሉ ወደዚህ ዘዴ ያዛወረችው በበቂ ምክንያት ነው። ሆኖም ይህ ተቃውሞ በአንድ ነገር ክርክሬን ያግዘዋል። አዲሱ ዘዴ ሲመጣ የ1980ዎቹ ምስል ያረጃል፤ በዚያን ጊዜ የተቀመጠው ባክቴሪያ ግን አያረጅም። ከማቀዝቀዣው ወጥቶ በማንኛውም አዲስ መሣሪያ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። ምስሉን ብቻ ይዘው ባክቴሪያውን የጣሉ ላቦራቶሪዎች ይህ ዕድል አምልጧቸዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአርቢዎች በኩል የሚመጣ ነው፤ መመሳሰል ጥፋተኝነትን አያሳይም ይላሉ። ባክቴሪያው ከላሟ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ላሟ፣ ወይም ከሦስተኛ ቦታ ወደ ሁለቱም ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ስጋት በአክብሮት እቀበለዋለሁ፤ መልሱም ከዚያው ማቀዝቀዣ ይወጣል። ዲቲ104 የተባለው ብዙ መድኃኒት የተላመደ ሳልሞኔላ በ1990ዎቹ ሲስፋፋ ጣት ወደ ከብቶች ተቀስሮ ነበር። በ2013 የታተመ ጥናት ከ1990 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በስኮትላንድና በሌሎች አገሮች ከሰውና ከእንስሳት የተወሰዱ 373 ናሙናዎችን ጂኖም አንብቦ፣ የሰውና የእንስሳት ወረርሽኞች በአብዛኛው ለየብቻ የሄዱ መሆናቸውን አሳየ። በስኮትላንድ ሰዎች ላይ ለታየው የመድኃኒት መላመድ ዋናው ምንጭ የአካባቢው ከብቶች ናቸው ማለት አልተቻለም። ሃያ ዓመት ያህል የተጠራቀመው ስብስብ ሊከስስ የሚችለውን ያህል ነጻ ሊያወጣም ቻለ። በሌላ በኩል ከ2015 እስከ 2017 በአሜሪካ 15 ግዛቶች 56 ሰዎችን ያሳመመው ሳልሞኔላ ሃይደልበርግ፣ በእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ ከታመሙ ጥጆች ተወስዶ ከተያዘው ጋር የቅርብ ዝምድና ነበረው። ብዙዎቹ ታማሚዎች በገበያ የተገዙ፣ ለወተት ስለማይሆኑ ከእርሻው ገና በጨቅላነታቸው የሚሸጡ ወንድ ጥጆችን እንደነኩ ተናግረዋል፤ ጥጆቹ ራሳቸውም ከተገዙ በኋላ ታመው ነበር፤ የሞቱም አሉ። ዘረመሉ፣ የሰዎቹ ቃልና የገበያው መንገድ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነው ፍርድ የሚሰጠው፤ አሻራ ብቻውን ፈርዶ አያውቅም፣ ሊፈርድም አይገባም። የሚያሳዝነው ግን የእንስሳቱ መዝገብ ሁልጊዜ ከሰዎቹ ኋላ መቅረቱ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከእንስሳት የተገኙ ባክቴሪያዎችን አሻራ የሚይዘውን ቬትኔትን ያቋቋመው ፐልስኔት ከተመሠረተ ከዓመታት በኋላ ነው። በአንድ ወገን የሞላ በሌላው የጎደለ መዝገብ ደግሞ አርቢው የሚፈራውን የተዛባ ፍርድ ራሱ ይጋብዛል። እርሻው ናሙና ለመስጠት እምቢ ባለ ቁጥር ነጻ የመውጫውንም መንገድ ይዘጋል።

ዛሬ ይህ ባክቴሪያን የማስቀመጥ ልማድ ካልተጠበቀ አቅጣጫ ፈተና ገጥሞታል። ሆስፒታሎች ከሰገራ ላይ በቀጥታ የባክቴሪያውን ዘረመል ፈልጎ በሰዓታት ውስጥ መልስ የሚሰጥ ምርመራ እየተጠቀሙ ነው። ለታማሚው መልካም ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው በሳሕን ላይ ስለማይበቅል የሚቀመጥ፣ የሚላክ፣ ነገ የሚነበብ ነገር አይኖርም። ለዚህም ነው የጤና ባለሥልጣናት ፈጣኑ ምርመራ ሳልሞኔላ ካሳየ ናሙናው ተዘርቶ ባክቴሪያው እንዲለይ የሚወተውቱት፤ ዘርቶ ማብቀል ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለሆስፒታሉም የዚያን ዕለት ጥቅም አይሰጥም። በአርባ ዓመት የተገነባውን ነገር ፍጥነት ቀስ በቀስ ሊያፈርሰው እንደሚችል ማሰብ ያስጨንቀኛል።

በአፍሪካ ጉዳዩ የሕይወትና የሞት መሆኑን ደቡብ አፍሪካ አይታለች። ከ2017 እስከ 2018 በተከሠተው የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 የሚበልጡት ሞቱ። ብሔራዊው የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ከየሆስፒታሉ የተላኩለትን ባክቴሪያዎች ጂኖም አንብቦ አብዛኞቹ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ባያሳይ ኖሮ፣ በሶዌቶ አንድ የሕፃናት መዋያ ከተገኘው ፖሎኒ የተባለ የተቀነባበረ ሥጋ ወደ አምራቹ የፖሎክዋኔ ፋብሪካ ለመድረስ መንገድ አይገኝም ነበር። በእኛም አገር አብዛኛው ወተት ፋብሪካ ሳይነካው ከላሟ ወደ ቤት ይገባል፤ ጥሬ ሥጋም የተከበረ ማዕድ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን ጨምሮ የአገራችን ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ የወተት ላሞች ሳልሞኔላ ለይተዋል፤ ከሰውና ከእንስሳት የተገኙትንም በዘረመል ደረጃ አነጻጽረዋል። ስለዚህ ችሎታው አለ። የጂኖም ማንበቢያ መሣሪያም ከኮቪድ ወዲህ በአህጉሩ እንደ ቀድሞው ብርቅ አይደለም። የሚቀረው ከመሣሪያ ግዢ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ፣ ይበልጥ ግን ጽናት የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ለጥናት የተሰበሰበ ባክቴሪያ ጥናቱ ሲያልቅ እንዳይጣል ቋሚ ቦታና ኃላፊ መስጠት፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚያቆይ ጄኔሬተር ማዘጋጀት፣ የሐኪሙንና የእንስሳት ሐኪሙን መዝገብ በአንድ ቋንቋ መጻፍ፣ እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የላሟን ቀበሌና የተወሰደበትን ቀን ማስፈር።